መምህሩን ማን አስተማረው? የለጋሽ ገንዘብና የመምህርነት ውል፣ ከእምኩሉ እስከ ሐዋሳ

ጉዱማሌ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚገኝ የሲዳማ ሕዝብ አደባባይ ነው። ፍቼ ጨምበላላ በየዓመቱ የሚከበረው፣ ሽማግሌዎች የሚመርቁት፣ ሕዝቡም ስለ ራሱ ጉዳይ ተሰብስቦ የሚናገረው እዚያ ነው። በዓሉ በኅዳር 2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የዘመን መለወጫውን ቀን ከከዋክብት አካሄድ ቆጥረው የሚለዩት አያንቶዎች ዕውቀታቸውን የወረሱት ከአባቶቻቸው ነው፤ ለትምህርታቸው በጀት የያዘ መሥሪያ ቤት የለም፣ ውል ያስፈረማቸውም የለም። በዚያችው ከተማ ያሉት የመምህራን ትምህርት ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ግን በሌላ መንገድ የመጡ ናቸው። ከአጼው ዘመን ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ መምህር ለማፍራት በወጣው ገንዘብ ላይ የዋሽንግተን፣ የስቶክሆልም፣ የሞስኮ፣ የለንደንና የዓለም ባንክ እጅ አለበት።

ይህ ጽሑፍ የዚያን ገንዘብ ታሪክ ይከተላል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መምህሩን ማን አስተማረው? ወጪውን የሸፈነው ማን ነበር? በምላሹስ ምን ጠየቀ? መዝገቡ ሲገለጥ ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ይታያል። ለመምህርነት የሚሰጥ ነፃ የትምህርት ዕድል ምን ጊዜም ውል ነው፤ በውሉም ውስጥ ሦስት ወገኖች አሉ። አንዱ ከፋዩ፣ ሁለተኛው ተማሪው፣ ሦስተኛው መምህሩን የሚጠብቀው ቀበሌ ነው። ሁለቱ ይፈርማሉ፤ ሦስተኛው ግን አይጠራም። የእያንዳንዱ ዘመን ዕቅድ የተሳካውም የተሰናከለውም በዚህ ሦስተኛ ወገን ዙሪያ ነው። (ከዚህ በታች ዓ.ም. የተባለው ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጆቹ እ.ኤ.አ. ተብሎ ተለይቷል።)

ቆሎ ተማሪና የእምኩሉ ልጆች

በሰሜኑና በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል ለዘመናት መምህር ያፈራው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። ልጁ ከቀዬው ወጥቶ ወደ ዜማ ቤት ወይም ወደ ቅኔ ቤት ሲሄድ የሚለብሰው ደበሎ፣ የሚይዘው አኮፋዳ ነው። ቀለቡን የሚያገኘው ከሰው ደጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ነው። የዛሬ የበጀት ባለሙያ ቢያየው የተማሪውን ወጪ የሸፈነው የአካባቢው ገበሬ ነው ይል ነበር፤ ያውም በየቀኑ፣ ቁራሽ በቁራሽ። ያ ተማሪ አድጎ መሪጌታ ወይም የኔታ ሲሆን ደግሞ እሱን የሚያኖረው ያው የገበሬ እጅ ነው። የተጻፈ ውል አልነበረም፤ ከፋዩና ተጠቃሚው አንድ ስለነበሩም ውል አላስፈለገም። ሥርዓቱ ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም፤ ሴት ልጅን በአብዛኛው ከደጅ አስቀርቷታል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ክልል ውጭ ላለው ሕዝብም አልደረሰም። መምህሩ በተማረበት አገር እንዲቀር የሚያደርግ ጉልበት ግን ነበረው።

በባዕድ ገንዘብ መምህር የማፍራት ታሪክ ከጥንቶቹ ምሳሌዎቹ አንዱን ያገኘው ምጽዋ አጠገብ፣ እምኩሉ በተባለው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ጣቢያ ነው። አናሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተፈንግሎ ለባርነት የተሸጠ፣ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣ ልጅ ነበር። ሚሲዮኑ አሳድጎ ስቶክሆልም ወደሚገኘው የዮሐነሉንድ ማሠልጠኛ ላከው፤ ከእ.ኤ.አ. 1876 እስከ 1881 እዚያ ተማረ። የከፋዩ ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ ኦሮሞ ወገኖቹ ዘንድ ሄዶ እንዲያስተምር ነው። ወለጋ የደረሰው ግን እ.ኤ.አ. በ1904 ነው፤ ትምህርቱን ከጨረሰ ከ23 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በመካከሉ ያሉት ጉዞዎች በጦርነት፣ በበሽታና በመንገድ መዘጋት ከሽፈዋል። እሱ ግን ዘመኑን በከንቱ አላሳለፈም። ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ የኦሮምኛ ማንበቢያ አዘጋጀ፤ መጽሐፍ ቅዱስንም ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 አሳተመ። አስቴር ራሷ ከባርነት ነፃ ወጥታ በእምኩሉ የሴቶች ትምህርት ቤት ተምራ መምህርት የሆነች ናት። በመጨረሻ ቦጂና ነቀምት ላይ ሲያስተምሩ ተማሪ የሰበሰበላቸው የስዊድን ገንዘብ ሳይሆን በሕዝቡ ቋንቋ ማስተማራቸው ነው። ይህ ነጥብ ከመቶ ዓመት በኋላ ሐዋሳ ላይ ተመልሶ ይመጣል።

ቀለብ፣ ማደሪያና ፖይንት ፎር

የመንግሥት ዘመናዊ ትምህርት ሲጀመር የመጀመሪያው መፍትሔ መምህር ከውጭ ማስመጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በግብጽ ኮፕቶች ተጀመረ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከተለ። ከፋሺስት ወረራ በፊት የተማረው ጥቂት ትውልድ በጦርነቱና በተለይም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በተካሄደው ጭፍጨፋ ክፉኛ ተመታ። ስለዚህ ከነፃነት በኋላ ትምህርት ቤቶቹ ሲከፈቱ ወንበር ቢገኝ አስተማሪ ጠፋ። በ1936/37 ዓ.ም. የመጀመሪያ ደረጃ መምህራን ማሠልጠኛ በዚያው በምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ተጀመረ፤ ኋላ ወደ ጉለሌ፣ ከዚያም ወደ ሐረር ተዛወረ። ከፋዩ በአብዛኛው የአገሩ መንግሥት ነበር።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ተከፈተ። ተማሪው አይከፍልም ነበር፤ መኝታውም ምግቡም በመንግሥት ነው። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ኢትዮጵያና አሜሪካ የፖይንት ፎርን የቴክኒክ ትብብር ስምምነት ፈረሙ። «ፖይንት ፎር» የሚለው ስም በአዲስ አበባ ሰው አፍ የገባው ከዚያ ወዲህ ነው። በትምህርት በኩል ፕሮግራሙ መምህራንን አሠለጠነ፣ የመማሪያ መጻሕፍት ሥራን ደገፈ፣ ኢትዮጵያውያንንም ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ላከ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ዩኔስኮ የኅብረተሰብ መምህራንን ለማሠልጠን ማጀቴ ላይ፣ ኋላም ደብረ ብርሃን ላይ የተሠራውን ሥራ አገዘ።

የዚህን ዘመን ጉዞ በአንድ ሰው ሕይወት ማየት ይቻላል። አክሊሉ ሀብቴ ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ቀደምት ተመራቂዎች አንዱ ናቸው። ባሕር ተሻግረው በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን አጠናቀው ተመለሱ፤ የትምህርት ፋኩልቲ ዲን፣ ኋላም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በደርግ ዘመን ለጥቂት ጊዜ በሚኒስትርነት አገልግለው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ የዓለም ባንክን የትምህርት ክፍል መምራት ጀመሩ። በነፃ ትምህርት የተማረው የነፃ ትምህርትን ገንዘብ የሚመድበው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሕይወት የለጋሽ ገንዘብ ውጤት እንደሚያመጣ ማስረጃ ነው። ግን ደግሞ የገንዘቡን አቅጣጫ ያሳያል፤ ከገጠር ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ፣ ከዚያም ወደ ዋሽንግተን።

ኢትዮጵያ ለጋሽ የሆነችበት ጊዜ

ታሪኩ ሁሌም ወደ አንድ ወገን አልፈሰሰም። በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. ነፃ የአፍሪካ አገሮች አክራ ላይ ጉባኤ ሲቀመጡ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለአፍሪካ ወጣቶች 200 ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጡ፤ በየዓመቱ 50፣ ለአራት ዓመት። ከኬንያ፣ ከዑጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች ተማሪዎች ወደ አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ መጡ። ብዙዎቹ ገና ከቅኝ ግዛት ያልወጡ አገሮች ልጆች ነበሩ።

የሰጪው ዓላማ የኢትዮጵያን የአፍሪካ መሪነት ማሳየት ነበር፤ በዚህም ተሳክቶለታል። ያልታሰበው ውጤት ግን ዶርም ውስጥ ተፈጠረ። የመጡት ልጆች በአገራቸው የሠራተኛ ማኅበርንና የነፃነት ትግልን ያዩ፣ ሹምን መጠየቅ የለመዱ ነበሩ። የኢትዮጵያ ተማሪዎች ንቅናቄን ያጠኑ የታሪክ ምሁራን፣ ኖርዌያዊቷን ራንዲ ባልስቪክንና ባሕሩ ዘውዴን ጨምሮ፣ የእነዚህ ተማሪዎች መኖር የኢትዮጵያውያኑን አመለካከት እንዳነቃ ይስማማሉ። ለጋሽ የተማሪውን ምግብ መክፈል ይችላል፤ ከማዕድ ላይ የሚነሳውን ወሬ ግን መወሰን አይችልም። ይህ ለዋሽንግተንም ለሞስኮም እኩል የሠራ ሕግ ነው።

በዕደ ማርያም፦ የፈረመው ተማሪ

በግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ የትምህርት ሚኒስትሮች በዩኔስኮና በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አዘጋጅነት አዲስ አበባ ተሰበሰቡ። ጉባኤው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1980 ለሁሉም የአፍሪካ ልጅ እንዲዳረስ ወሰነ። የቁጥር ሠንጠረዡ ሲዘረጋ ግን አስተናጋጇ ኢትዮጵያ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ተገኘች። ነፃነቷን ጠብቃ የኖረች አገር ትናንት ነፃ ከወጡት በትምህርት ማነሷ ለባለሥልጣናቱ ቀላል ሐፍረት አልነበረም። በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. በአሜሪካው የዩታ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ምክርና በአሜሪካ ርዳታ ጭምር የተደራጀው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ የትምህርት ፋኩልቲ ከዋነኞቹ ክፍሎች አንዱ ሆነ።

ችግሩ ተማሪው ነበር። ጎበዙ ልጅ ዓይኑ ሕግ፣ ምህንድስናና ሕክምና ላይ ነው፤ መምህርነትን የሚመርጥ ጥቂት ነው። መልሱ በስድስት ኪሎ የተቋቋመው የልዑል በዕደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ሆነ። አሠራሩ ልብ የሚባል ነው። በየጠቅላይ ግዛቱ 11ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ያጠናቀቁ ልጆች ተመርጠው ወደ አዲስ አበባ ይመጣሉ፤ 12ኛን እዚያ ይማራሉ፤ ከዚያ ወደ ትምህርት ፋኩልቲ ገብተው መምህር እንዲሆኑ ቃል ይገባሉ። ለደሀ ቤተሰብ ልጅ ይህ ትልቅ በር ነበር፤ ከጎጃም፣ ከትግራይ፣ ከሐረርጌ፣ ከሲዳሞ የመጣ ልጅ በአንድ ክፍል ተቀመጠ።

ይህ ውል ሁለት ጠርዝ ነበረው። መንግሥት ከአገሪቱ የተመረጠውን ጭንቅላት ለመምህርነት ያዘ። በዚያው ግን ከየክፍለ ሀገሩ ብልህና ድሀ የሆኑ ልጆችን አንድ ቦታ ሰበሰበ፤ ከእነሱ ውስጥ ለተማሪዎች ንቅናቄ ግንባር ቀደም የሆኑ ብዙዎች ወጡ። የገቡት ቃልም ቢሆን ለዘላለም አላሰራቸውም። መምህርነት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ በር ሲሆን፣ በሩን ያለፈ ሁሉ ቤቱ ውስጥ አይቀርም።

በ1956 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው የወሰነው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ ውሉን ለሁሉም አደረገው። ማንኛውም ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል ተወሰነ፤ አብዛኛውም አስተማሪ ሆኖ ተመደበ። ይህ ከለጋሽ ምክር የመጣ ሳይሆን አገር በቀል ሐሳብ ነበር፤ የተማረው ሰው በሕዝብ ገንዘብ ተምሯልና ለሕዝብ ይመልስ የሚል። በተመሳሳይ ጊዜ፣ በ1955 ዓ.ም. መባቻ፣ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ደርሰው በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ገብተው ነበር። ስለዚህ በ1950ዎቹ መጨረሻ አንድ የደቡብ ከተማ ትምህርት ቤት ውስጥ የሰላም ጓዱ አሜሪካዊ፣ በደመወዝ የተቀጠረው ሕንዳዊና የአንድ ዓመት አገልጋዩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጎን ለጎን ማስተማራቸው የተለመደ ነበር። ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ቢኖር ሦስቱም መሄጃቸው የታወቀ መሆኑ ነው።

ሄደው የተመለሱት ተማሪዎች ግን እንደሄዱ አልተመለሱም። በጭሰኛው ጎጆ አጠገብ አንድ ዓመት የኖረ ተማሪ «መሬት ላራሹ» የሚለውን ጥያቄ ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከዓይኑ ተማረው። ሦስተኛው ወገን ባይፈርምም ተናገረ፤ የሰማውም ያስተምረኛል ብሎ የጠበቀው ተማሪ ነው።

የካቲት 1966፦ ሰነዱ ደመወዙን ሲነካ

ለጋሽና መምህር ፊት ለፊት የተጋጠሙበት ጊዜ የትምህርት ሴክተር ሪቪው ጊዜ ነው። ከዓለም ባንክ ጋር በመተባበር በ1964 ዓ.ም. የተካሄደው ይህ ጥናት በሐሳቡ ደካማ አልነበረም። ከተማ ተኮር የሆነውን ትምህርት ወደ ገጠር ለማዞር፣ ለብዙኃኑ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ለመስጠት፣ የሁለተኛ ደረጃንና የዩኒቨርሲቲን ዕድገት ለመግታት ያቀደ ነበር። ግን በተዘጋ በር ተሠራ። ለሕዝብ ሲገለጥ ወላጁ «ልጄ አራተኛ ክፍል ላይ ሊቀር ነው» ብሎ አነበበው፤ መምህሩ ደግሞ ለዓመታት ሲጮህበት የኖረው የደመወዝ እኩልነት ጥያቄ ጭራሽ ሊቀበር ነው ብሎ ተረዳው።

የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር የሥራ ማቆም አድማ መታ። የታክሲ ነጂዎች አድማም በዚያው ቀን ነበር። ጥናቱ ተሻረ፤ ማዕበሉ ግን አልቆመም፣ በመስከረም ዘውዱ ወረደ። አንድ የትምህርት ሰነድ ብቻውን አብዮት አያስነሳም፤ ረሃቡ፣ የነዳጅ ዋጋውና የወታደሩ ብሶት ሁሉ ነበሩበት። ግን መምህሩ ከመጀመሪያዎቹ አድመኞች መካከል መገኘቱ በአጋጣሚ አልነበረም። ለሃያ ዓመት መምህር ለማሠልጠን ገንዘብ ያወጣው የለጋሹ ዓለም፣ ሠልጥኖ የወጣው መምህር ምን እየበላ እንደሚያድር በቅጡ አልጠየቀም ነበር።

ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ

ደርግ ርዳታ ሰጪውን ለወጠ፤ የውሉን መልክ ግን ብዙም አልለወጠም። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ወረዱ፤ ይህ በአንድ በኩል የዩኒቨርሲቲ አገልግሎቱ ተከታይ ነው። ከዚያ ወዲህ ነፃ የትምህርት ዕድል ማለት በአብዛኛው ሶቪየት ኅብረት፣ ምሥራቅ ጀርመንና ኩባ ማለት ሆነ። ብዙዎቹ የጦርነት ወላጅ አልባ የሆኑ ከ2,000 በላይ ሕፃናት ኩባ ውስጥ ወጣቶች ደሴት በተባለው ስፍራ አደጉ። በዩኔስኮ፣ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራምና በኢትዮጵያ መንግሥት የሦስትዮሽ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተው የባሕር ዳር ፔዳጎጂ አካዳሚ ሥራውን ቀጠለ፤ ግቢው እስከ ዛሬ በተማሪ አፍ «ፔዳ» ነው። ስዊድኖችም በአጼው ዘመን በጀመሩት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግንባታ ገፉ።

በአገር ውስጥ መምህር በብዛት የሚያፈሩት ሁሉም ሰው «ቲቲአይ» እያለ የሚጠራቸው ማሠልጠኛ ተቋማት ነበሩ። ልጁ 12ኛን ጨርሶ አንድ ዓመት ይሠለጥናል፤ ይመረቃል፤ ዕጣ ያወጣል። ዕጣው ወደ ደረሰበት ወረዳ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲዳምኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች ማስተማሩ ለደቡብ ትልቅ ነገር ነበር፤ ዓለም አቀፍ ሽልማትም አስገኝቷል። መደበኛው ትምህርት ቤት ግን በአማርኛ ቀጠለ፤ ዕጣ ያመጣው መምህርና የሲዳማ አርሶ አደር ልጅ በአንደኛ ክፍል የሚገናኙት ልጁ በማያውቀው ቋንቋ ነበር።

ሐዋሳ፦ ቋንቋው፣ ክረምት ኮርሱና ዕዳው

ሐዋሳ የሲዳሞ አስተዳደር መቀመጫነትን ከይርጋለም የወረሰች፣ በአጼው ዘመን መጨረሻ ያደገች ወጣት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1976 የእርሻ ኮሌጅ ተከፈተባት። የመምህራን ትምህርቷ ታሪክ ጎልቶ የሚወጣው ግን ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ነው። ፖሊሲው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቀደ። በአንድ ጊዜ የደቡብ ክልል ዋና ከተማ የሆነችው ሐዋሳ ለሲዳምኛ፣ ለወላይትኛ፣ ለሀዲይኛ፣ ለጌዴኦኛና ለሌሎችም ቋንቋዎች የሚያስተምሩ መምህራን ማፍራት አለባት ተባለ። ያን ጊዜ ያገዘው ቤሶ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት የመሠረታዊ ትምህርት ፕሮግራም ነበር። ቤሶ ትኩረቱን ትግራይና ደቡብ ላይ አድርጎ የሐዋሳን፣ የአርባ ምንጭን፣ የሆሳዕናንና የቦንጋን ማሠልጠኛዎች ደገፈ።

እዚህ ላይ ሦስተኛው ወገን በግልጽ ተሰማ። በ1990ዎቹ መባቻ የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ተቀላቅለው «ወጋጎዳ» በሚል መማሪያ መጻሕፍት ተዘጋጁ። የወላይታ ሕዝብ፣ መምህራኑም ጭምር፣ ተቃወሙ፤ ሶዶ ላይ ሰው እስከ መሞት ደረሰ፤ መጻሕፍቱም ተሰበሰቡ። ወጪው ተከፍሎ፣ መጽሐፉ ታትሞ፣ መምህሩ ተዘጋጅቶ ነበር። የጎደለው ፈቃድ ነው። በተቃራኒው ሲዳምኛ ከመጀመሪያ ደረጃ ተነሥቶ እስከ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍል የደረሰው ሕዝቡ የራሴ ነው ስላለው ነው። አናሲሞስና አስቴር ወለጋ ላይ የደረሱበትን ሐዋሳም ደረሰችበት።

በታኅሣሥ 1992 ዓ.ም. የሐዋሳ እርሻ ኮሌጅ፣ የወንዶ ገነት ደን ኮሌጅና የዲላ የመምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተዋህደው ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። በ1998 ዓ.ም. ስሙ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ዲላ ራሱን ቻለ። የመምህራን ሥልጠናም ተለወጠ። ከ10ኛ ክፍል በኋላ አንድ ዓመት፣ «ቴን ፕላስ ዋን»፣ የነበረው ሦስት ዓመት፣ «ቴን ፕላስ ስሪ»፣ ሆነ፤ ኋላም ዲፕሎማው ለታችኛው ክፍል «ክላስተር»፣ ለላይኛው «ሊኒየር» ተባለ። ሰርተፍኬት የያዘው ነባር መምህር ደግሞ ወደ ዲፕሎማ፣ ዲፕሎማ ያለው ወደ ዲግሪ እንዲያድግ ክረምት ኮርስ ተከፈተለት። ሐምሌ ሲገባ የሐዋሳ ግቢዎች በጎልማሳ ተማሪ የሚሞሉት ለዚህ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ሲያስተምር የከረመ መምህር ዝናቡን የሚያሳልፈው በተማሪ ወንበር ላይ ነው።

የዚህ ወጪ ትልቅ ድርሻ የለጋሽ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ እንግሊዝ፣ ኔዘርላንድስ፣ አየርላንድ፣ ስዊድን፣ ፊንላንድና ቤልጅየም ገንዘባቸውን በአንድ ቋት አድርገው የመምህራን ልማት ፕሮግራምን ደገፉ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ይህ ሥራ የዓለም ባንክና ሌሎች ለጋሾች በጋራ በሚደጉሙት የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ውስጥ ገባ፤ የመጀመሪያ ደረጃ መምህራንን ወደ ዲፕሎማ ማሳደግም ከሥራዎቹ አንዱ ሆነ። በአንድ ሰው ላይ የሚወጣው የስኮላርሺፕ ገንዘብ በጅምላ ወደሚሰጥ ድጎማ ተለወጠ ማለት ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ በአንድ ክረምት የሚደርሰው ሕዝብ ከአንድ የውጭ ስኮላርሺፕ ጋር አይወዳደርም።

በዚያው ሰሞን መንግሥት ነፃ የነበረውን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በ1995/96 ዓ.ም. በወጪ መጋራት ቀየረው። ተማሪው «ኮስት ሼሪንግ» የሚለው ይህ ደንብ ተመራቂው ከደመወዙ እየተቆረጠ እንዲከፍል ያዛል፤ መምህር የሚሆነው ግን ዕዳውን በአገልግሎት እንዲወጣ ዕድል ሰጠው። ስለዚህ የአገሩ መንግሥት ራሱ ለመምህርነት ስኮላርሺፕ ሰጪ ሆነ። ውሉ የሚታየው በወረቀት ነው። ተመራቂው «ቴምፖ» የሚባለውን ጊዜያዊ ማስረጃ ይዞ ይወጣል፤ ዋናውን ዲግሪ የሚያገኘው ዕዳው በገንዘብ ወይም በአገልግሎት መጽዳቱ ሲረጋገጥ ነው። በዕደ ማርያም ላይ በቃል የነበረው ግዴታ በማኅተም ታሰረ።

መዝገቡ የሚለው

ከእምኩሉ እስከ ሐዋሳ ያለውን ስናስተያይ የለጋሽ ገንዘብ ከንቱ ነበር የሚል መደምደሚያ አይወጣም። አናሲሞስና አስቴር ያለ ሚሲዮኑ፣ አክሊሉ ሀብቴ ያለ ነፃ የትምህርት ዕድሉ፣ በሺህ የሚቆጠሩ የደቡብ መምህራን ያለ ክረምት ኮርሱ ያን ደረጃ ባልደረሱ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አይሠራም፤ የሰው ወርቅ ብዙ ሰው አስተምሯል።

መዝገቡ የሚለው ሌላ ነው። ውሉ ተማሪውን በግዴታ ባሰረ ቁጥር ተማሪው የግዴታውን ዘመን ይቆጥራል እንጂ ለሙያው አይሰጥም። በዕደ ማርያም ይህን አሳየ፤ ቴምፖውን ይዞ ቀን የሚቆጥረው ተመራቂም ያንኑ ያሳያል። ውሉ ለቀበሌው ቋንቋና ፈቃድ ቦታ በሰጠበት ጊዜ ግን መምህሩ ሥር ሰደደ፤ ለዚህ የሲዳምኛ መምህራን ምስክር ናቸው። ስለዚህ ነገ ሐዋሳ ላይ ለመምህርነት ስኮላርሺፕ የሚሰጥ ወገን ቢመጣ፣ በሰነዱ ላይ ከተማሪው ስም አጠገብ የሚያስተምርበት ወረዳ፣ የሚያስተምርበት ቋንቋና የሚያድርበት ቤት ተጽፎ ወላጆቹ ሊያዩት ይገባል። የሲዳማ ሕዝብ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ክልል ለመሆን ድምፅ የሰጠው ስለ ራሱ የሚወስን አካል ለመሆን ነው፤ ስለ ልጆቹ መምህር የሚፈረም ውል ከዚህ ውጭ ሊሆን አይችልም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የየካቲት 1966 ትምህርት አለ። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ከቀድሞው ደቡብ ክልል በወጡ ክልሎች፣ በተለያዩ ዞኖች፣ መምህራን ለወራት ደመወዝ ሳይከፈላቸው ቀርተው ሥራ አቁመዋል፤ ትምህርት ቤቶችም ተዘግተዋል። ከእነዚያ መምህራን ብዙዎቹ በለጋሽ ድጎማ የሠለጠኑ፣ በክረምት ኮርስ ያደጉ ናቸው። ለጋሽ የአንድን ተማሪ አራት ዓመት ሊከፍል ይችላል። ቀሪውን ሠላሳ ዓመት በየወሩ መጨረሻ የሚከፍለው የወረዳው ካዝና ነው፤ ያ ካዝና ባዶ ከሆነ አራቱ ዓመት የተከፈለው ለሌላ ሙያ ነው።